ከዜሮ የጀመረው ሰዓት

ማናሴ ነገሪ የሞተው ሐሙስ ቀን በጠራራ ፀሐይ ነው። የሞተበት ቦታ «ሶፊ በርገር» ውስጥ፣ የምግብ ዝርዝር የሚያሳዩት ሦስት ስክሪኖች ከተሰቀሉበት ግድግዳ ጀርባ ያለች ጠባብ ዕቃ ቤት ናት። ኢንስፔክተር በላይነሽ ጫምሳ ስምንት ሰዓት ላይ ስትደርስ ሬሳው ከመሰላሉ ሥር በጎኑ ተኝቷል። ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም። የቀኝ መዳፉ ጠቁሯል። የቤቱ ዘበኛ በመጥረጊያ እንጨት ገፍቶ ከእጁ ያላቀቀው የተላጠ ሽቦ ከግድግዳው ቀዳዳ ተንጠልጥሏል።

«አይጠጉ፤ ሽቦው አሁንም ኃይል አለው» አላት ሳጅን ዲበኩሉ ከበሩ ላይ ሆኖ። «እርስዎ እስኪመጡ ምንም ነገር አይነካ ብዬ ነው የተውኩት።»

ዲበኩሉ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀረው፣ ጉዳይ ከመክፈት ይልቅ መዝጋት የሚቀናው ሰው ነው። ይሄኛውንም በልቡ ዘግቶ ጨርሶታል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሰፈሩ መብራት አልነበረም፤ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ልጁ መብራት የለም ብሎ ሽቦ ጨበጠ፣ መብራቱ መጣ፣ አበቃ። አዳማ ውስጥ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ፍሪጅ ይቃጠላል፣ ቴሌቪዥን ይቃጠላል፤ ዛሬ ደግሞ ተራው የሰው ሆነ።

«የራሱ ቸልተኝነት ነው» ብሎ ደመደመ።

ከካውንተሩ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ይህን ሰምታ ብድግ አለች። በእጇ የሰላጣ ቅጠል የሞላበት ፌስታል ይዛለች፤ የያዘችውንም የምታውቅ አትመስልም።

«ወንድሜ ቸልተኛ አይደለም» አለች። «ስፒና ሳይነቅል ሽቦ አይነካም። የነቀለውን ስፒና ማንም እንዳይሰካው ጥርሱን በቀይ ናስትሮ ሳይጠቀልል መሰላል አይወጣም። ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ሥራውን አውቃለሁ። እናታችን ባቱ ናት። ልጅሽ በራሱ ጥፋት ሞተ እንዳይሏት፤ ሌላ ምንም አልለምንዎትም።»

«ስምሽ ማነው?»

«ሚልካ። እዚህ ካሸር ነኝ። ሬሳውን ያገኘሁትም እኔ ነኝ።»

«እውነቱን አገኛለሁ፣ ሚልካ። ያገኘሁትንም እነግርሻለሁ» አለች በላይነሽ።

በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ብዙ ቃል ገብታለች። እንደዚህኛው የቆጫት ግን የለም።

«ሶፊ በርገር» ከፍራንኮ ወደ ፖስታ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፣ ባለቤቱ በሴት ልጁ ስም የሰየመው ቤት ነው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ስለገጠሙ ቤቱም አብሮ እየጾመ ነው። በሩ የሚከፈተው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ አስተናጋጆቹ እስከ ፋሲካ ፈቃድ ወጥተዋል። የቀሩት ባለቤቱ፣ ዘበኛው፣ ኩሽና የምትሠራው ሃፍሳና ካሸሯ ሚልካ ብቻ ናቸው።

በላይነሽ ከካውንተሩ ፊት ቆማ ስክሪኖቹን ቀና ብላ አየች። ማናሴ ሲሠራበት የነበረው የግራው ጨልሟል። ሁለቱ በርተዋል። የጾም በርገርና ድንች ሊያሳዩ ሲገባቸው ጥቁር መደብ ላይ ነጭ የፈረንጅ ጽሑፍ ደርድረዋል፤ ቀንና ሰዓት አልተሞላም፣ ለመቀጠል ቁልፍ ይጫኑ ይላል። ጥጉ ላይ ሰዓት ይቆጥራል። ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ነው፤ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይላል።

የራሷ ሰዓት ስምንት ከአሥር ነው።

«ኮምፒውተሩ ከትናንት ጀምሮ አብዷል አሉ» አለ ዲበኩሉ። «ይኸው ሰዓቱን እንኳ አያውቅም።»

«አለማወቁንማ አየሁ። በስንት እንደተሳሳተ ነው ማወቅ የምፈልገው።»

ሳጅኑ ይህን እንደ ቀልድ ወሰደው። እሷ ግን የእጅ ሰዓቷን ከስክሪኑ ትይዩ ከፍ አድርጋ ሁለቱን ባንድ ላይ በስልኳ ፎቶ አነሳች። ከዚያ ባለቤቱን አስጠራች።

አቶ ሐዲስ ሰይፈሚካኤል ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ደልደል ያለ፣ ንግግሩ ቅቤ የተቀባ ሰው ነው። ገና ሳይጠየቅ የለቅሶውን ድንኳን እሱ እንደሚያስተክል ተናገረ።

«ማናሴን ማን ጠራው?»

«እኔ ነኝ። ትናንት ስክሪኑ ሰው ፊት ተበላሽቶ ተዋረድን። ማታ እመጣለሁ ብሎ ነበር፤ ጠዋት ደውዬ አሁኑኑ ና አልኩት። አራት ተኩል ላይ መጣ።»

«መብራት በሌለበት?»

«የተበላሸውን ሽቦ ለመቀየር መብራት አያስፈልገኝም አለ። እኔም ቢሮዬ ገባሁ። አምስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ ስክሪኖቹ ቦግ ሲሉ በበሩ በኩል አየሁ። ጨርሶ የሄደ መሰለኝ። ለካ ያን ጊዜ ነው የሞተው። ነፍስ ይማር።»

«ልክ አምስት ሰዓት ላይ ሲበሩ አዩ?»

«በዓይኔ። እንዲያውም ራዲዮው የአምስት ሰዓቱን ዜና ጀምሮ ነበር።»

ስለ ራዲዮ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በላይነሽ ይህን በደብተሯ ጻፈችና አመስግናው ወደ በሩ ወጣች።

ዘበኛው ደገፋ የዓለም ጤና ከተማ ሰው ናቸው፤ ስድሳውን አልፈዋል። በበሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው መጥረጊያውን አልለቀቁም።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ደገፋ?»

«ፈያ፣ ገለቶማ» አሉ፤ ደህና እንዳልሆኑ ግን ፊታቸው ይናገራል። «ልጄን በእንጨት ገፋሁት እኮ። እንደ እባብ።»

«ሌላ የሚደረግ አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«አቶ ሐዲስ በሦስት ሰዓት። ማናሴ አራት ተኩል ላይ፤ እሱ አልወጣም። ሃፍሳ አምስት ሩብ ላይ በጓሮ በር። ሚልካ ስትገባ አላየኋትም፣ ውኃ ልቀዳ ጓሮ ነበርኩ። ስትወጣ ግን አየኋት። ስድስት ሊሆን አሥር ጉዳይ ነበር፤ እየሮጠች ነው የወጣችው።»

«ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው የምትመጣው?»

«የለም፤ ሰባት ሰዓት ነው። ዛሬ አቶ ሐዲስ ደውሎ እንደጠራት በኋላ ነው የሰማሁት።»

«ከአምስት ሰዓት በኋላ መብራት ተመልሶ ጠፍቷል?»

«አልጠፋም። ይቺ የበር አምፖል እንደበራች ናት።»

ሃፍሳ ኩሽና ውስጥ ድንች እየላጠች አገኘቻት። ቤቱ ዛሬ እንደማይከፈት ታውቃለች፤ እጇን ምን እንደምታደርገው ስላጣች ነው። ከንፈሯ በጾሙ ደርቋል።

«ከገባሽ ጀምሮ ካውንተር ጋ ሄደሻል?»

«ወላሂ አልሄድኩም። የሽንኩርት መፍጫውን ከፍቼ ነበር፣ እሱ ሲጮህ ምንም አያሰማም።»

«ትናንት ስክሪኑ ሲበላሽስ የት ነበርሽ?»

«ካውንተር ላይ። ዝርዝሩ ድንገት ጠፋ። ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ አራት ትናንሽ ሥዕል ወጣ፣ የካሜራ ነው፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ያሳያል። አንዱ በሩን፣ አንዱ ኩሽናን፣ አንዱ ካሽን።»

«አራተኛውስ?»

ሃፍሳ ቢላዋውን አስቀመጠች። «የተሰቀለ ልብስ። የራሴን ጂልባብ ያየሁ መሰለኝ። ግን ወዲያው ጠፋ። ማናሴ እህቱን ሊወስድ መጥቶ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ዘሎ አጠፋው።»

«ምን አለ?»

«ለእኛ ምንም። ለአቶ ሐዲስ ግን ‹ነገ እኔና አንተ እንነጋገራለን› አለው። አንተ አለው። እስከ ትናንት እርስዎ ነበር የሚለው።»

የሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ ከኩሽናው አጠገብ ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት የምትጠብ ክፍል ናት። ለዚህች ክፍል ጣሪያው ላይ ሁለት አምፖል ተሰቅሏል። በላይነሽ ማብሪያውን ስትጫነው አንዱ በራ፣ አንዱ አልበራም። ወንበር አስመጥታ ወጣችና ያልበራውን ፈትታ አወረደችው። መስታወቱን አገላብጣ ካየች በኋላ በመሐረቧ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሃፍሳ ከበሩ ሆና ስታያት የለበሰችውን ልብስ በሁለት እጇ ወደ አንገቷ ሰበሰበች።

አሁን የቀረችው ሚልካ ናት። በላይነሽ ካሽ ማሽኑ አጠገብ አስቀመጠቻት። ከጠረጴዛው ሥር ባለሁለት ሶኬት ስታብላይዘር አለ። አንደኛው ሶኬት ላይ ጥቁር ስፒና ተሰክቷል፤ ሁለተኛው ባዶ ነው።

«ወንድምሽ ዛሬ እዚህ እንደሚመጣ ታውቂ ነበር?»

«ማታ መስሎኝ። ትናንት ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ነው መሰለኝ ጠዋት ደወለልኝ፤ ‹ከዚያ ቤት ትወጫለሽ፣ ምክንያቱን በአካል እነግርሻለሁ› አለኝ። ተቆጣሁት። ሥራ እንደ ልብ የሚገኝ ይመስልሃል ወይ ብዬ ዘጋሁበት። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው።»

«አቶ ሐዲስ ለምን ቀድመሽ እንድትመጪ ፈለጉ?»

«ሰላጣ ስላለቀ ገበያ እንድሄድ። ‹ማሽንሽን ሰክተሽ ውጪ፣ እስክትመለሺ ይሙቅ› አሉኝ፤ ሰክቼ ወጣሁ።»

«ሁልጊዜ ትነቅይዋለሽ?»

«ማታ ስወጣ ነቅዬ ስፒናውን ስታብላይዘሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ስገባ አንስቼ እሰካዋለሁ። አምና መብራት ኃይሉን ጨምሮ መጥቶ አንድ ማሽን ሲያቃጥል ጥፋተኛ የተባልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልነቅል ሄጄ አላውቅም። የስክሪኑን ስፒና ግን አልነካም፣ እሱ እንደተሰካ ነው የሚያድረው።»

«ዛሬም ስታብላይዘሩ ላይ ያገኘሽውን ነው የሰካሽው?»

«አዎ። እንደ ሁልጊዜው።»

በላይነሽ ካሽ ማሽኑን ተመለከተች። ጨለማ ነው። ቁልፉን ተጫነችው፤ አልበራም። ጎንበስ ብላ ገመዱን በጣቷ ተከተለችው። ከመሳቢያው ጀርባ ወርዶ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ስፒናው አየር ላይ ቀርቷል። ስታብላይዘሩ ላይ የተሰካውን ገመድ ደግሞ ተከተለችው፤ እሱ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ዕቃ ቤቱ ይገባል። ሁለቱም ስፒናዎች ጥቁር፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው።

ጎንበስ እንዳለች ብዙ ቆየች። ዲበኩሉ ወገቧን የያዛት መስሎት እጁን ሊሰጣት ሁሉ ቃጥቶ ነበር።

«ውጪ ነፋስ ይንካሽ፣ ሚልካ» አለች ቀና ስትል።

ሚልካ ስትወጣ ሳጅኑን ዕቃ ቤቱ በር ላይ አቆመችውና ማንም እንዳይገባ አለችው። ከዚያ የተሰካውን ስፒና ነቀለች። ስክሪኖቹ ጨለሙ። የስፒናውን ጥርስ በጣቷ ነካ ስታደርገው ይጣበቃል፤ ናስትሮ ተነቅሎ ሙጫው የቀረበት ነው። መልሳ ሰካችው። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ያው ጥቁር መደብና ያው ነጭ ጽሑፍ መጣ። ጥጉ ላይ ያለው ሰዓት ዜሮ፣ ዜሮ ይላል፤ ከዚያ አንድ ብሎ መቁጠር ጀመረ።

ቀይ ናስትሮውን ቤቱን ሁሉ አስፈልጋ አጣችው። ትልቅ ነገር አይደለም፤ በጣት ተጠቅልሎ መጸዳጃ ቤት የሚጣል ነገር ነው።

ሬሳው ወደ ሆስፒታል ሄደ። አሥር ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ፤ ሐኪሙ ነው። በላይነሽ ብዙ አዳመጠች። ስልኩን ስትዘጋ ዲበኩሉ ፊቷን አይቶ ነገሩ ገብቶታል።

«ልጅቷን ወደ ቤቷ ብንልካትስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳትሰማ?»

«ዛሬ ከእኔ ካልሰማች ነገ ፍርድ ቤት ከጠበቃ አፍ ትሰማዋለች። ቃሏን ካልሰጠች ደግሞ ሰውየው ነጻ ነው።»

«ምርጫው የእርስዎ ነው እንግዲህ።»

«ምርጫ ቢሆንማ» አለች በላይነሽ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ካውንተሩ ፊት ተሰበሰቡ። ሐዲስ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ሃፍሳና ሚልካ ጎን ለጎን ናቸው፤ ደገፋ ተቀመጡ ቢባሉም ቆሙ። ከመንገዱ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። በላይነሽ ጀርባዋን ለስክሪኖቹ ሰጥታ ጀመረች።

«በቅድሚያ ሚልካ የጠየቀችኝን ልመልስ። ማናሴ የሞተው በራሱ ጥፋት አይደለም። የስክሪኑን ስፒና ነቅሏል፣ እንደ ልማዱም በናስትሮ ጠቅልሎታል፤ ሙጫው አሁንም ስፒናው ላይ አለ።»

ሚልካ ዓይኗን ጨፈነች። ከቀትር ወዲህ ፊቷ ላይ እፎይታ የታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በላይነሽ ልታየው አልፈለገችም፤ ወደ ሳጅኑ ዞረች።

«ሁላችንም አምስት ሰዓት ላይ መብራቱ ሲመጣ ገደለው አልን። ስክሪኑ ግን እንደዚያ አይልም። የዚህ ኮምፒውተር ባትሪ ሞቷል። መብራት በተቋረጠበት ቁጥር ሰዓቱን ይረሳና ሲመለስለት ከዜሮ ይጀምራል፤ ነቅዬ ሞክሬዋለሁ። ስምንት ከአሥር ላይ ሁለት ሰዓት ከሃያ ቆጥሮ ነበር። ሁለት ሰዓት ከሃያ ወደ ኋላ ሂዱ።»

«ስድስት ሊሆን አሥር ጉዳይ» አለ ዲበኩሉ፤ እንዳይሰማ ይመስል ቀስ ብሎ።

«ስለዚህ መብራት ቤቱ ውስጥ ከመጣ በኋላ ስክሪኖቹ ሃምሳ ደቂቃ ጨለማ ነበሩ። ማናሴም ያን ያህል ጊዜ ስፒናው ተነቅሏል ብሎ ተማምኖ ሲሠራ ነበር። አቶ ሐዲስ፣ እርስዎ ግን አምስት ሰዓት ላይ ስክሪኖቹ ሲበሩ በዓይንዎ አየሁ ብለዋል። ራዲዮ ጨምረው።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ ሐዲስ። «ሰው ደንግጦ ሰዓት ይቆጥራል?»

«ቢሳሳቱ አንድ ነገር ነው። ግን ልጁ አምስት ሰዓት ላይ ሞተ ቢባል የሚጠቀመው ማነው? ከአምስት በኋላ የተደረገውን ያደረገው ነው።»

ቦርሳዋን ከፍታ በመሐረብ የተጠቀለለውን አወጣችና ካውንተሩ ላይ ፈታችው። «ይሄ አምፖል ይመስላል። አይበራም። ውስጡ ካሜራ ነው፤ ከሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ ጣሪያ ላይ ነው የፈታሁት። ምስሉን የሚልከው ወደዚሁ የስክሪን ኮምፒውተር ነው። ትናንት ዝርዝሩ ሲበላሽ ከሥሩ ያለው ገመና ለደንበኛ ሁሉ ወጣ። ማናሴ አየ። ነገ እንነጋገራለን አለ።»

ሃፍሳ ተነሳች። «በገዛ ልጅህ ስም በሰየምከው ቤት» አለችው። ተመልሳ ተቀመጠች። ሐዲስ ዞር ብሎም አላያት።

«እንግዲህ ዛሬ የሆነው ይህ ነው» አለች በላይነሽ፤ ድምፅዋ ከመጀመሪያው ይልቅ ዝግ ብሏል። «ማታ ሊመጣ የነበረው ሰው ጠዋት ተጠራ። መሰላል ላይ እንዳለ አንድ ሰው ካውንተሩ ጋ መጣና ናስትሮውን ከስክሪኑ ስፒና ላይ ላጠ። ስፒናውንም ለሚሰካው እጅ አመቻችቶ አስቀመጠ። ስድስት ሊሆን አሥር ጉዳይ ላይ ስፒናው ተሰካ።»

«እኔ ቢሮዬ ነበርኩ!» አለ ሐዲስ ብድግ ብሎ። «እኔ አልሰካሁም። የሰካችው እሷ ናት፤ ጠይቋት!» ጣቱን ወደ ሚልካ ቀሰረ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በላይነሽ ይህን ቃል ስትጠብቅ ነበር፤ ስትሰማው ግን አልተደሰተችም።

«ማን እንደሰካው አልተናገርኩም» አለች። «ሚልካ ራሷ እስከዚህ ደቂቃ ድረስ የካሽ ማሽኗን የሰካች ነው የሚመስላት። የማሽኗን ስፒና ግን አንድ ሰው ከመሳቢያው ጀርባ ምስማር ላይ ሰቅሎታል፤ እሷ ሁልጊዜ በምታስቀምጥበት ቦታ የስክሪኑን ተክቶበታል። ያነሳችው የስክሪኑን መሆኑን የሚያውቅ የተካው ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ነዎት ደውለው የጠሯት። ማሽንሽን ሰክተሽ ውጪ ያሏትም እርስዎ ነዎት። ሃፍሳና ኦቦ ደገፋ ሚልካ ቀድማ እንደምትመጣ እንኳ አያውቁም ነበር።»

ሐዲስ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። «ጠበቃ እፈልጋለሁ» አለ። «አሁን ያሉት ሁሉ ወሬ ነው። ፍርድ ቤት የሚያየው እጅ ነው። እጄ የለበትም።»

አለመዋሸቱ ነው የሚያናድደው። በላይነሽ ጠበቃው ቆሞ የሚለውን ከወዲሁ ትሰማዋለች፦ ናስትሮው የታለ? ሲለውጥ ያየው ማነው? ካሜራው እንኳ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ስለነበር አልቀረጸም። የመቀየሪያ ክፍሉ ካሜራ ያሳስረዋል፤ በግድያው ግን ሚዛኑን የሚደፋው የሚልካ ቃል ብቻ ነው፤ «እኔ ሰካሁት» የሚለው ቃል። በየቀጠሮው ቆማ ደጋግማ ልትለው ነው። ዲበኩሉ ካቴናውን አወጣና ሐዲስን ይዞ ወጣ፤ ለወትሮው ጉዳይ ሲዘጋ የሚያደርገውን ፈገግታ አላደረገም።

ሚልካ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። ሃፍሳ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ሚልካ እጇን በእርጋታ ገፋ አደረገችው።

«ስሰካው ዱብ የሚል ነገር ሰምቼ ነበር» አለች። «የድንች ጆንያ የወደቀ መሰለኝ። ሃፍሳ ታነሳዋለች ብዬ ነው የሄድኩት።»

«አላወቅሽም» አለች በላይነሽ። «ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ሕጉም አይልም፣ ማንም አይልም።»

«ገበያ ብዙ ቆየሁ። ሰላጣው ጠውልጎ ነበር፤ አንድ በአንድ መረጥኩ። ከሴትየዋ ጋር እየሳቅኩ ተከራከርኩ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል።» ቀና ብላ አየቻት። «ወዲያው ነው የሞተው?»

ሐኪሙ በስልክ የነገራት ይህንኑ ነበር። ወዲያው አልሞተም። ሽቦው መዳፉን ይዞት መሬት ላይ ብዙ ቆይቷል፤ አሥር ደቂቃ ይሁን ሃያ በትክክል አይታወቅም። አንድ ሰው ደርሶ ያን ስፒና ቢነቅለው ኖሮ ልጁ ይተርፍ ነበር ብሏል።

«ወዲያው ነው» አለች በላይነሽ።

ሚልካ ዓይን ዓይኗን አየቻት። አመነቻት አላመነቻት አይታወቅም። «እሺ» አለች፣ ለደንበኛ መልስ ስትሰጥ በምትለው ድምፅ።

ደገፋ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው መጡ። «ወደ ባቱ የሚሄድ መኪና አሁንም ይገኛል» አሉ። «ብቻሽን አትሄጂም፤ አብሬሽ እሄዳለሁ። ለእናትሽ መርዶውን እኔ ነኝ የምነግራት፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። አንቺ ምንም መናገር የለብሽም።»

«ይነግሯታል» አለች ሚልካ። «ታለቅሳለች። ከዚያ ወደ እኔ ትዞርና አንቺ የት ነበርሽ ትለኛለች።»